ካባው የጃንጥላ ጨርቅ የሆነ ዳርዝ ቬደር

የአሮጌ ዕቃ ጥያቄዎቻችሁ
መልስ የሚሰጡት ጅማ ፈረንጅ አራዳ የሚሠሩት ሰዓት ጠጋኝ ናቸው

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ቆጪ ሰፈር ተወልጄ ያደግሁ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። በ1975 ዓ.ም. መርከበኛ የነበረው አጎታችን ከአሰብ ሲመጣ ለእኔና ለታናሽ ወንድሜ አንድ ጥቁር አሻንጉሊት ይዞልን መጣ። ስሙን ስለማናውቅ «ጥቁሩ ሰውዬ» እንለው ነበር። ስታር ዋርስ በተባለው ፊልም ላይ ያለው ክፉ ሰው፣ ዳርዝ ቬደር፣ መሆኑን ያወቅነው ከብዙ ዓመት በኋላ ቪዲዮ ቤት ገብተን ነው። እናታችን አምና ስታርፍ ሳጥኗ ውስጥ፣ በኒዶ ጣሳ ተቀምጦ አገኘነው። እግሩ ላይ 1977 ተብሎ ተጽፏል። የእህቴ ልጅ እንዲህ ያለው አሻንጉሊት ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በላይ መሸጡን በስልኩ አሳየን። አዲስ አበባ ያለ አንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ደግሞ ፎቶውን አይቶ 4 ሺህ ብር ልስጣችሁ አለ። ወንድሜ «ሊበላን ነው» ብሎ እንቅልፍ አጥቷል። ዕቃው እውነተኛ ነው? ምን ያህል ያወጣል? ሰይፉ ጠፍቷልና አዲስ ሰይፍና ካባ ከውጭ አስመጥቼ ብገጥምለት ዋጋው ይጨምራል? ባጥበውስ?
ደ.መ.፣ ከጅማ

መልስ፦ መምህር፣ የእናትዎን ነፍስ ይማር።

«በፎቶ አልፈርድም፤ ይዘውት ይምጡ» ብዬ ያስቸገርኩዎት ለመኮራት አይደለም። ፎቶ አይሸትም። ፎቶ እግሩን ሲያዞሩት ጥብቅ ይሁን ልል አይነግርም። ሐሙስ ስለነበር ወደ ሂርማታ የሚወርደው ገበያተኛ በሬን ዘግቶት ነበር፤ እርስዎ በዝናብ ርሰው፣ ጣሳዋን ግን ኮትዎ ሥር ደብቀው ሲገቡ ገና ክዳኑ ሳይነሳ ከጥያቄዎችዎ አንዱ የተመለሰ መሰለኝ። ሰው ሊሸጠው የቆረጠውን ዕቃ እንደዚያ አይሸከምም። ይህ ግን የእኔ ሐሜት ነውና እንለፈው።

ከግማሽ ሚሊዮን ዶላሩ ልጀምር፤ ወንድምዎ ይተኛ። የእህትዎ ልጅ አልዋሸም፤ የሌላ ሰው ሀብት ነው ያሳየዎት። እ.ኤ.አ. በ2024 ሄሪቴጅ የተባለው የአሜሪካ አጫራች ድርጅት በ525 ሺህ ዶላር የሸጠው ዳርዝ ቬደርን ሳይሆን ቦባ ፌት የሚባለውን የዚያው ፊልም ቅጥር አዳኝ ነው። ያም ቢሆን ከሱቅ የተገዛ አልነበረም። በ1979 ከጀርባው ሮኬት እንዲተኩስ ተደርጎ ለሙከራ የተሠራና በእጅ ቀለም የተቀባ ናሙና ነበር። ሮኬቱ ሕፃን ጉሮሮ ላይ ሊቀር ይችላል ተብሎ ስለተሰጋ የሚተኩሰው ዓይነት ለገበያ ሳይቀርብ ቀረ። ብርቅ ያደረገው ይኸው ነው፤ ማንም ልጅ በሱቅ አላገኘውም። በፊልሙ ቬደር ቀጣሪ፣ ቦባ ፌት ተቀጣሪ ነው። በጨረታው ቤት ግን ጌታው ተቀጣሪው ሆኖ ተገኘ።

የእርስዎ ሰውዬ ሌላ ነው። በሚሊዮን ከሚቆጠሩት አሻንጉሊቶች መካከል አንዱ ነው፤ ልጅ እጅ ገብቶ ተጫውተውበታል።

አሁን ወደ እግሩ። ሰዓት የማይበትን ማጉያ ዓይኔ ላይ ሰክቼ የእግሩን ጀርባ ወደ መስኮቱ ብርሃን አጋደልኩት። የባለመብትነት ምልክቱ አለ፤ ቀጥሎ ጂ.ኤም.ኤፍ.ጂ.አይ. የሚሉ ፊደላት፣ 1977፣ ከዚያም ሆንግ ኮንግ። ፊደሎቹ የጄኔራል ሚልስ የመጫወቻ ክፍል ስም ምህጻር ናቸው። ጄኔራል ሚልስ የዱቄትና የቁርስ እህል ኩባንያ ነው፤ ያን ጊዜ ኬነር የሚባለው፣ በኦሃዮ ግዛት ሲንሲናቲ ከተማ የነበረው አሻንጉሊት ሠሪ በእሱ ሥር ነበር። የዳቦ ዱቄት የሚሸጥ ቤት የሰማይ ጦር ይሸጣል ብሎ ማን ይገምታል? የጽሑፉ ጠርዝ ስል ነው፤ ፊደሎቹ አልሟሙም፤ መስመራቸውም ቀጥ ያለ ነው። ከአሻንጉሊት ላይ ቅርጽ ተወስዶ የተጣለ ቅጂ ቢሆን ኖሮ እነዚህ ፊደሎች እንደ አሮጌ ሳንቲም ልስልስ ብለው ይታዩኝ ነበር።

1977 ግን የልደት ዓመቱ አይደለም፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መጽሐፍ አሥር ጊዜ ታትሞ የመጀመሪያውን የባለመብትነት ዓመት ይዞ እንደሚወጣ ሁሉ፣ ይህም ቅርጹ የተያዘበት ዓመት ነው። ፊልሙ ለሕዝብ የቀረበው በግንቦት 1977 ነው፤ ሕዝቡ ሰልፍ ይዞ ያየዋል ብሎ ያሰበ ስላልነበረ ኬነር አሻንጉሊቶቹን ለዚያ ዓመት የገና በዓል አላደረሰም። ታዲያ ምን አደረገ? ባዶ ካርቶን ሸጠ። እውነቴን ነው። በካርቶኑ ውስጥ ስዕልና ሞልተው በፖስታ የሚልኩት የምስክር ወረቀት ነበር፤ ወረቀቱን ለላከ ልጅ በ1978 አራት አሻንጉሊቶች በፖስታ ይደርሱታል። እዚህ ሂርማታ ላይ ባዶ ካርቶን ለበዓል የሚሸጥ ነጋዴ ቢገኝ ፀሐይ ሳትጠልቅ ፖሊስ ጣቢያ ያድር ነበር፤ እዚያ ግን ወላጆች ገዙት። ዛሬ ያ ካርቶን ራሱ በሰብሳቢዎች ዘንድ ይፈለጋል።

ቬደር ከአራቱ ውስጥ አልነበረም። የወጣው በዚያው በ1978 ከመጀመሪያዎቹ 12 አሻንጉሊቶች ጋር ነው፤ ከዚያ በኋላ ሥራው እስከ 1985 ሲቀጥል እግሩ ላይ ያለው ቁጥር እንዳለ ቀረ። አጎትዎ በእኛ 1975 ይዘውት ሲመጡ በፈረንጆቹ 1982 ወይም 1983 መሆኑ ነው፤ ከዕቃው ዕድሜ ጋር ይገጥማል። አውሮፓ ወደብ ላይ ቢገዙትም አሜሪካ ቢገዙትም ለውጥ የለውም፤ ካርቶኑ ከሌለ አሻንጉሊቱ ያው ነው። አንዳንዶቹ እግር ላይ የሀገሩ ስም ተፍቆ የቀረ ጠባሳ ብቻ ይታያል፤ ያም አስመስሎ የተሠራ ነው ማለት አይደለም፤ ሥራው ከፋብሪካ ወደ ፋብሪካ ሲዘዋወር የሆነ ነው።

ታዲያ እውነተኛ ነው? አዎ። ምልክቱን ብቻ አይቼ ግን አልፈረድኩም፤ በዚህ ነገር አንድ ጊዜ ተቀጥቻለሁ። ከዓመታት በፊት አንድ ሰው የባላባት ቤት በርጩማ ነው ብሎ ሦስት እግር ያለው፣ ጥቁር፣ ወዝ የያዘ የጅማ በርጩማ አመጣልኝ። ዋጋውን ሳልከራከር ከፈልኩ። በሳምንቱ ባለቤቴ በእርጥብ ጨርቅ ብታብሰው ጨርቁ ጥላሸት ሆነ። ከወጥ ቤት ምድጃ በላይ ተሰቅሎ ጭስ የጠጣ አዲስ በርጩማ ነበር። ያን ጊዜ የተማርኩት አሮጌ ዕቃ ሁሉ ቦታ እኩል አያረጅም የሚለውን ነው። እውነተኛው በርጩማ መቀመጫው መሐል ላይ ይለሰልሳል፤ ሰው ሲያነሳው የሚይዘው ጠርዝ ላይ ያብለጨልጫል፤ ከሥሩ ግን እጅ አይነካውምና የመጥረቢያው ጥርስ እንዳለ ይቀራል። የጭስ በርጩማ ከላይም ከሥርም አንድ ዓይነት ነው።

ጥቁሩን ሰውዬም ያየሁት በዚሁ ዓይን ነው። ከራስ ቁሩ ጀርባ ያለው ተዘርግቶ የሚወርደው ጠርዝ፣ የልጅ አውራ ጣት የሚያርፍበት በቀኝ በኩል ብቻ፣ ተፋትጎ እንደ ጫማ ቀለም ያበራል። የጫማው አፍንጫ ተቧጥጧል፤ ሲሚንቶ ወለል ላይ ሲራመድ ኖሯል ማለት ነው። ደረቱ ላይ ካለችው ሳጥን የቀለም ነጠብጣቦች ግማሾቹ ጠፍተዋል፤ ብብቱ ውስጥ ግን ፕላስቲኩ እንደወጣ ነው። አምስቱ መገጣጠሚያዎች፣ አንገቱ፣ ሁለት እጁና ሁለት እግሩ፣ ይዞራሉ፤ የግራ እግሩ ላላ ብሏል፤ ቀኙ ጥብቅ ነው። ይህን ዓይነት አረጃጀት አስመስሎ የሚሠራ ሰው ቢኖር ድካሙ ከዕቃው ዋጋ ይበልጥበታል።

አስመስሎ መሥራት ሁልጊዜ ይረክሳል ማለቴ ግን አይደለም። ቱርክ ውስጥ በዚያው ዘመን ያለ ፈቃድ የተሠሩ ኡዛይ የሚባሉ አሻንጉሊቶች አሉ፤ ቀለማቸው የተዘበራረቀ፣ ካርቶናቸው የማይገናኝ። ዛሬ ሰብሳቢዎች ለእነሱ ከተራው እውነተኛ ዕቃ በላይ ይከፍላሉ። የሰው ልጅ ገንዘቡን የሚያወጣበት መንገድ አያልቅም።

አሁን ዋናው ነገር። ቬደር በፊልሙም ቢሆን ተገጣጥሞ የቆመ ሰው ነው፤ አካሉ ዴቪድ ፕራውስ፣ ድምፁ ጄምስ ኧርል ጆንስ፣ በ1983ቱ ፊልም ጭንብሉ ሲነሳ የሚታየው ፊት ደግሞ የሴባስቲያን ሾው ነው። በአሻንጉሊቱም ገዢ የሚከፍለው ለአካሉ ሳይሆን ለሚገጠሙለት ነው። አካሉ የትም አለ። የሚጠፋው ሰይፉ ነው፤ የሚቀደደው ካባው ነው፤ ወላጅ በመጀመሪያው ቀን ቀድዶ የሚጥለው ካርቶኑ ነው። ስለዚህ ዋጋው የተቀመጠው በጠፉት ላይ ነው።

የሰይፉን ነገር ላብራራ። በቀኝ ክንዱ ውስጥ በቁመቱ የተቦረቦረ ቦይ አለ፤ ቀዩ የብርሃን ሰይፍ በዚያ ውስጥ ያድራል፤ ከክንዱ በታች ያለችውን ጉጥ ወደፊት ሲገፉ ከእጁ ይወጣል፤ ጫፉ እንደ ስፌት መርፌ ቀጭን ነው። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት አሻንጉሊቶች ላይ ሰይፉ ሁለት ጊዜ የሚዘረጋ ነበር፤ አንደኛው ከወጣ በኋላ ቀጭኑ ጫፍ ለብቻው ከውስጡ ተስቦ ይወጣ ነበር። ከዚያ ወደ አንድ ወጥ ሰይፍ ተቀየረ። ያ ድርብ ሰይፍ ያለው ቬደር፣ ካርቶኑ ሳይከፈት ከተገኘ፣ በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ዶላር ይሸጣል። በእኔ ግምት የአዲስ አበባው ነጋዴ 4 ሺህ ብር ያለው ይህን ተስፋ አድርጎ ነው፤ በፎቶው ላይ ከእጁ ቀይ ነገር ብቅ ብሎ አይቷልና።

ያ ቀይ ነገር ግን፣ መምህር፣ የእስክሪብቶ ቱቦ ነው። በወረንጦ ስስበው ያለ ምንም ችግር ወጣ። ጫፉ በክብሪት ተቃጥሎ ተሹሏል፤ ውስጡ የደረቀ ቀይ ቀለም አለ። እርስዎ ይሁኑ ወንድምዎ የሠራው፣ ቦዩን ሳይፍቅና ሳያሰፋ ቱቦውን ልኩ እስኪገባ ድረስ መቅረጹ ያስመሰግነዋል። ብዙ ልጅ ምስማር ይሰድበት ነበር፤ ያን ጊዜ ክንዱ ይሰነጠቅ ነበር። ክንዱ ደህና ነው፤ ጉጧ የምትሄድበት መንገድም ክፍት ነው።

ካባው። የኬነሩ ካባ እጅጌ ማስገቢያ ቀዳዳ ያለው ስስ ጥቁር ቪኒል ነው፤ በዘመኑ ብዛት ይደርቅና አንገቱ ላይ ይሰነጠቃል። የእርስዎ ሰውዬ የለበሰው ያን አይደለም። ጨርቅ ነው፤ ያውም የጃንጥላ ጨርቅ። ከታች ያለው ጠርዝ በማሽን የተቀመቀመ ነው፤ ያ የጃንጥላው የራሱ ጠርዝ ነው፤ ከላይ ያለው ግን በእጅ የተሰፋ ነው፤ አንገቱ ላይም ከሕፃን ልብስ የተነቀለች ቁልፍ አለችበት። እናትዎ እንደሰፉለት ነግረውኛል። እኔ ልጨምርልዎ የምችለው ክሩን ነው። ሦስት ዓይነት ክር አለ። የመጀመሪያው ጥቁር ነበር፤ አሁን ቡናማ ሆኗል። ሁለተኛው ሰማያዊ ነው፤ በትከሻው ላይ የተቀደደውን ይዟል፤ ተፋትጎ ፀጉር አውጥቷል። ሦስተኛው ግን ጥቁርና አንጸባራቂ ነው፤ በማጉያ ሳየው አንዲት የተነሳች ፀጉር የለችውም። የልጅ እጅ አልነካውም። እናንተ መጫወት ካቆማችሁ በኋላ የተሰፋ ነው።

ይህ ካባ ገበያ ላይ ሳንቲም አይጨምርም። አንዲት ገዢ «ይህን ጨርቅ አውጥተህ ስጠኝ» ብትልዎ አይቆጡ፤ እሷ የምትፈልገው ቪኒሉን ነው።

ዋጋው እንግዲህ። ሰይፍም ካባም የሌለው፣ በልጅ እጅ ያረጀ ቬደር አሜሪካ ውስጥ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 20 ዶላር ይሸጣል። የራሱ ሰይፍና የራሱ ካባ ያለው፣ ቀለሙም ደህና የሆነ፣ ወደ ጥቂት አሥሮች ዶላር ይወጣል። ካርቶኑ ያልተከፈተ ከሆነ ሌላ ዓለም ነው፤ በካርቶኑ ጀርባ 12 አሻንጉሊት ብቻ የተሳለበት የመጀመሪያው ዓይነት ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። ዶላሩን በዛሬው የባንክ ምንዛሪ ይምቱት፤ ከነጋዴው 4 ሺህ ብር በታች ይመጣልዎታል። ሰውዬው አላታለለዎትም። ይልቅ ራሱን ሊያታልል ነበር። ወንድምዎ ይቅርታ ባይጠይቀውም ቢያንስ ስሙን ማጥፋቱን ይተው።

የእህትዎ ልጅ ስልኩ ላይ ሌላም ዋጋ ያሳይዎታል፤ 3 ሺህ ዶላር፣ 8 ሺህ ዶላር የሚል። ያ የተጠየቀ ዋጋ ነው። እርስዎ የጅማ ልጅ ነዎት፤ ቡና ስንት ነው ሲባል ባለቤቱ የጠራውን ነው ወይስ ሚዛን ላይ ወጥቶ ገንዘቡ የተቆጠረበትን ነው የሚያምኑት? የመሸጫ ድረ ገጾች ላይም የተሸጡትን ብቻ ለይቶ የሚያሳይ ቦታ አለ፤ ልጁ እሱን ይፈልግ። የተሸጡትን ሃያ ያህል አይቶ ሰይፍ ያላቸውንና የሌላቸውን ለየብቻ ቢጽፍ በግማሽ ሰዓት ከእኔ ይበልጣል።

አዲስ ሰይፍና ካባ ማስመጣቱን ተዉት። አስመስለው የሚሠሩ ብዙ ናቸው፤ ሐቀኞቹ ቅጂ መሆኑን ጽፈው በርካሽ ይሸጣሉ። ችግሩ ከተገጠመ በኋላ ነው። እርስዎ ዛሬ ቅጂ መሆኑን ያውቃሉ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ የሚገዛው ሰው አያውቅም፤ የሚያውቅ ገዢ ደግሞ ቅጂ ሰይፍ ሲያይ «ሌላውስ?» ብሎ አካሉንም ይጠረጥራል። አንዳንዶች የነዚህ አሻንጉሊቶች ትናንሽ መሣሪያዎች ውኃ ላይ ከተንሳፈፉ እውነተኛ፣ ከሰጠሙ ቅጂ ናቸው ይላሉ። ለሽጉጦቹ ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ እኔ ግን በአንድ ብርጭቆ ውኃ ምስክርነት ለሰይፍ ገንዘብ አልከፍልም። ደግሞስ የእስክሪብቶ ቱቦው ማንን በደለ? አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለውን ዕቃ መርምረው፣ ነጥብ ሰጥተው፣ በጠንካራ ፕላስቲክ ሳጥን አሽገው የሚመልሱ ድርጅቶችም አሉ፤ ለእርስዎ ዕቃ የፖስታው ወጪ ብቻ ከዋጋው ያልፋል።

ማጠቡን በተመለከተ፣ መጀመሪያ ናፍታሊኑን ያውጡ። ጣሳው ሲከፈት አፍንጫዬን የመታኝ እሱ ነው። እናትዎ ለልብስ ብል እንደሚያደርጉት በቅን ልቦና ጨምረውታል፤ ነገር ግን የናፍታሊን ትነት አንዳንዱን ፕላስቲክ ያለሰልሳል፤ ተጣብቆ ከቆየበት ቦታ ላይም ጠባሳ ይተዋል። የእርስዎ ሰውዬ ዕድለኛ ነው፤ እንክብሎቹ ከጣሳው ሥር፣ እሱ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከላይ ነበር። ጣሳውን ለሁለት ሳምንት ክፍት አድርገው ያናፍሱት፤ እሱን ከዚያ ውጭ ያቆዩት።

እግሮቹ ጀርባ ላይ የሚያዩት ነጭ ጉም ቀለም አይደለም፤ አቧራም አይደለም። ፕላስቲክን ለስላሳ ለማድረግ የሚጨመር ቅባት መሰል ነገር አለ፤ በዘመን ብዛት ወደ ላይ ይወጣል፤ አንዳንዱ አሻንጉሊት እጅ ላይ የሚጣበቀው በእሱ ነው። ለብ ባለ ውኃ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ያድርጉ፤ ለስላሳ ጨርቅ ነክረው በደንብ ጨምቀው ያብሱት፤ ደረቱን ግን አይንኩት፤ የቀረው ቀለም ትንሽ ነው። ቤንዚን፣ አልኮል፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አያስጠጉት። ውኃ ውስጥም አይንከሩት፤ በመገጣጠሚያው ገብቶ ደረቱ ውስጥ ይቀራል፤ ጅማ ውስጥ በሐምሌ ወር የገባ ውኃ መቼ እንደሚደርቅ እርስዎም ያውቁታል። ካባውን ጨርሶ አያጥቡት። ከዚያ በነጭ ወረቀት ጠቅልለው፣ ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘውን እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት ጨምረው፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ከፍ ያለ ቦታ ያስቀምጡት። የላስቲክ ከረጢት ውስጥ አጥብቀው አያስሩት።

«ብንሸጠውና ለሁለት ብንካፈልስ?» ብለው ከበሩ ላይ ዞር ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ከ4 ሺህ ብሩ የእርስዎ ድርሻ 2 ሺህ ነው። ነጋዴው እስክሪብቶ ቱቦውን ካየ በኋላ ያንን ቃሉን የሚያጸና ከሆነ ደግሞ እኔን ያስተዋውቁኝ፤ አንድ የሚያጨስ በርጩማ አለኝ።

ጥያቄ፦ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ዱባይ የምትሠራው እህቴ ብላክ ሲሪስ የሚባለውን ባለ 6 ኢንች ዳርዝ ቬደር ከነካርቶኑ ላከችልኝ። ጓደኞቼ አትክፈተው፣ ከ20 ዓመት በኋላ ቤት ይገዛልሃል ይሉኛል። ልክፈተው?
የዶርም ነዋሪ

መልስ፦ ልጄ፣ ክፈተው።

የድሮዎቹ ካርቶኖች የተወደዱት ማንም ያስቀምጣቸዋል ብሎ ሳያስብ ስለተቀደዱ ነው። ዛሬ ግን ግማሹ ገዢ እንደ ጓደኞችህ ያስባል። እ.ኤ.አ. በ1991 ኬነር ሀስብሮ በሚባል ሌላ አሻንጉሊት ሠሪ እጅ ገባ፤ በ1995 እነዚህ አሻንጉሊቶች እንደገና መውጣት ሲጀምሩ የድሮውን ዋጋ የሰማ ሰው ሁሉ በካርቶን በካርቶን ገዝቶ ቁም ሳጥን ሞላ። ዛሬም አብዛኞቹ ሳይከፈቱ አሉ፤ በርካሽም ይገኛሉ። የአንተ ዓይነቱ ሀስብሮ ከ2013 ጀምሮ የሚያወጣው ነው፤ ቬደርንም ደጋግሞ ሠርቶታል። ቤት መግዛቱን ለደመወዝህ ተውለት።

ጓደኞችህ ስለ አንድ ነገር ብቻ ልክ ናቸው፤ ካርቶኑን አትጣለው። ማጣበቂያውን በምላጭ ሳይሆን በጥፍርህ ቀስ ብለህ አንሳው፤ ካርቶኑን አጣጥፈህ ፍራሽህ ሥር አኑረው። ስትከፍተው አልጋህ ላይ ነጭ አንሶላ ዘርጋ። ሰይፉ ትንሽ ነው፤ ዶርም ወለል ላይ ከወደቀ የጽዳት ሠራተኛዋ ጠዋት ጠርጋ ትወስደዋለች፤ ከዚያ አንተም እስክሪብቶ ቱቦ ፍለጋ ነው።